ራምቦ ሐረር ላይ ቤት አለው፤ የእኛ ደራሲዎች አዲስ አበባ ላይስ?

የሰባ ደረጃው (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡40)

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ መልሱን እንጃ።

ሐረር ጀጎል ውስጥ «ራምቦ ቤት» የሚባል ሙዚየም አለ። አርተር ራምቦ ያ ፈረንሳዊው ገጣሚ ነው። ሐረር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1880 ማብቂያ ላይ ነው፤ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ ቡናና ቆዳ ሊነግድ። ዛሬ የምናየውን ሕንጻ ያሠራው እሱ ሳይሆን ህንዳዊ ነጋዴ ነው። እዚያው ቦታ ላይ በነበረ ሌላ ቤት ኖሯል ይባላል። በቃ፣ «ይባላል» ነው። ለዚያች «ይባላል» ሙዚየም ተከፈተላት። አልቀናም፤ ሐረሮች ጎበዞች ናቸው። በከተማቸው ያለፈ ሰው ስሙ እንዲቀር አደረጉ።

ወደ እኛ ልመለስ። ሐዲስ ዓለማየሁ፣ መንግሥቱ ለማ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ ዳኛቸው ወርቁ፣ በዓሉ ግርማ፣ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር። ሁሉም የዚህችን ከተማ አስፋልት ረግጠዋል። አንድ እንግዳ መጥቶ «ከስድስት ኪሎ እስከ ለገሃር ባለው ውስጥ አንድ የደራሲ ቤት አሳየኝ» ቢላችሁ የት ትወስዱታላችሁ? የጻፈበት ጠረጴዛ፣ ያነበበው መጽሐፍ፣ የሰቀለው ኮት ያለበት ቤት ማለቴ ነው። በሩ ላይ ስም የተጻፈበት ካወቃችሁ ጠቁሙኝ።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ አንድ ቤት ብቻ ምረጡ ብትባሉ የማንን? እኔ የሐዲስን እመርጣለሁ። አርበኛ፣ ጣልያን አገር የታሰረ እስረኛ፣ አምባሳደር፣ ሚኒስትር፣ በመጨረሻም በ1958 «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የሰጠን ሰው። የእሱ ቤት ቢከፈት ግማሹ የዘመናችን ታሪክ አብሮ ይከፈታል።

—

ዶሮ ማነቂያ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡05)

ባክህ ወንድሜ፣ የቱን ቤት? ሰፈሬ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ሙልጭ ብሎ ሄደ። የፒያሳ ሰው የሰፈሩን ፎቶ በስልኩ እያየ በሚኖርበት ዘመን አንተ የደራሲ ኮት ትፈልጋለህ።

ደግሞ አስተውል። ናይሮቢም የደራሲ ቤት ሙዚየም አለ፤ የካረን ብሊክሰን። ዴንማርካዊት ናት። ሐረርም ፈረንሳዊ። አየህ? በዚህ ቀጠና ቤት የሚኖርህ ፈረንጅ ከሆንክ ነው።

—

የሰባ ደረጃው (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡11)

ዶሮ ማነቂያ፣ የብሊክሰንን ቤት ለኬንያ ገዝቶ የሰጠው የዴንማርክ መንግሥት ነው፤ ለነጻነታቸው ስጦታ። ሙዚየም ሆኖ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ነገሩ የፈረንጅነት ሳይሆን የከፋይ ጉዳይ ነው። ለብሊክሰን ከፋይ ተገኘ። ለሐዲስ ማን ይክፈል? ከእኛ ሌላ ማን አለው?

—

ዶሴ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡50)

ልጆች፣ እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዕድሜዬን የጨረስኩት ከቤት ዶሴ ጋር ነው። ስለ ድርሰት ብዙ አላውቅም፤ ስለ ቤት ግን ልንገራችሁ።

ሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ አለቀ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ ከዚያ በላይ የነበሩት ወደ ኪራይ ቤቶች። ከዚያ በኋላ መሃል ከተማ የኖረ ሰው አብዛኛው ተከራይ ነው፤ ደራሲም ሆነ ልብስ ሰፊ።

ተከራይ ሲሞት ወይም ሲለቅ ቤቱ ለሌላ ይሰጣል። አዲሱ ገቢ ሳሎኑን በኮምፔንሳቶ ለሁለት ይከፍለዋል። በረንዳው ኩሽና ይሆናል። ሦስተኛው ሲገባ በሩ ራሱ ቦታ ይቀይራል። ዶሴው ላይ የተከራይ ስም አለ፣ የክፍል ብዛት አለ፣ የኪራይ ልክ አለ። «ደራሲ ነው» የሚል ዓምድ ግን የለም። ስለዚህ ቤቱ ቢቆምም እንኳ የማን እንደነበር የሚያውቀው ጎረቤት ብቻ ነው። ጎረቤቱም ሲነሣ አበቃ።

ሥራችሁን ከጎረቤት ጀምሩ ነው ምክሬ። ከሕንጻ አትጀምሩ።

—

ሚሚ ከገዳም ሰፈር (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20)

ጋሼ ዶሴ፣ እድሜ ይስጥዎት! ይሄን የሚያህል ዝርዝር ጋዜጣ ላይም አላየሁ።

ግን «ተከራይ ነበር» የሚለው ሙዚየም አይከለክልም። ዲከንስ ለንደን ውስጥ ዳውቲ ጎዳና ቁጥር 48 የኖረው እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1839 ነው፤ ያውም ተከራይቶ። «ኦሊቨር ትዊስት»ን የጻፈው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ቤቱ ሊፈርስ ሲል የአንባቢዎቹ ማኅበር ገዛው፤ በ1925 ሙዚየም አደረገው። መንግሥት ሳይሆን አንባቢ!

ፑሽኪንም እንደዚሁ። ፒተርስበርግ ሞይካ ቦይ ዳር ቁጥር 12 ያለው ቤት የኪራይ አፓርታማ ነበር። የኖረበት ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ከዱኤሉ ቆስሎ የመጣው ወደዚያ ነው፤ የሞተውም እዚያ ነው። ዛሬ ሰዓቱ የሞተባት ደቂቃ ላይ፣ 2፡45 ላይ፣ ቆሞ ይታያል (በእነሱ አቆጣጠር)። እኛ ደግሞ ቅድመ አያቱ ከእኛ ወገን ነው እያልን ስንሟገት ኖረን ሳር ቤት አካባቢ አደባባይ ሰየምንለት። ለልጅ ልጅ ልጁ አደባባይ ሰጥተን ለራሳችን ልጆች ሰሌዳ እንኳ ነፈግን።

—

ዶሮ ማነቂያ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡26)

ሚሚ፣ ይቺን ወድጃታለሁ። ሰረቅኳት፣ ካፌ ላይ የኔ ነው ብዬ ነው የማወራው።

—

አስጎብኚው (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡58)

እንጀራዬ ቱሪስት ማዞር ነው። የሰባ ደረጃው ለጠየቀው «የደራሲ ቤት አሳየኝ» ቀልድ የመሰለ ግን እውነተኛ መልስ አለኝ። ስድስት ኪሎ! ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት።

አትሳቁ። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የማን መጽሐፍ ነው? ጃንሆይ ደራሲ ናቸው። የኖሩበት ቤት ቆሟል፣ መኝታ ክፍላቸው እንዳለ ተቀምጧል፣ ትኬት ተቆርጦ ይገባል። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ግርግር በኋላ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ፤ በ1955 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተበት። ሙዚየሙና ቤተ መጻሕፍቱ የዚያ ናቸው።

ይሄን ያነሣሁት ለቀልድ ብቻ አይደለም። ሰው ሙዚየም ገብቶ ምን እንደሚያይ በየቀኑ ስለማይ ነው። ታች ባለው ትልቁ አዳራሽ ስለ አገሩ ሕዝቦች ብዙ ነገር አለ፤ ጽሑፉም ጥሩ ነው። እንግዳው ያየዋል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ያልፋል። መኝታ ክፍሉ ጋ ሲደርስ ግን እግሩ ይተከላል። አልጋውን ያያል። መታጠቢያ ቤቱን አንገቱን አስግጎ ያያል። ከዚያ መስተዋቱ ላይ ያለችውን የጥይት ቀዳዳ ሳሳየው ዝም ይላል። ስለ 1953 ንግግር ባደርግለት እንዲህ አያዳምጠኝም።

የደራሲም ቤት እንደዚያ ነው የሚሆነው። መነጽሩ፣ የሲጋራ መተርኮሻው፣ የተሰረዘ የተደለዘ ወረቀት። ትልቅ ነገር አያስፈልግም።

በነገራችን ላይ፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የአዲስ አበባ ሙዚየምም የሰው ቤት ነበር፤ የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል። የመሳፍንት ቤት ሙዚየም ማድረግ እናውቅበታለን ማለት ነው።

—

መጽሐፍ በኪሎ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡15)

አስጎብኚው፣ «የተሰረዘ የተደለዘ ወረቀት» ብለህ አለፍክ። ወረቀቱ የት አለ? ጉዳዩ እሱ ነው።

አሮጌ መጽሐፍ እሸጣለሁ። ሰው ሲሞት ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። አርባው ይወጣል። ልጆች ቤት ይከፋፈላሉ፣ ወይ ሊለቁ ይጣደፋሉ። ሶፋው ይሸጣል። ቴሌቪዥኑ ይወሰዳል። መጽሐፉና ወረቀቱ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይገባና እንደኔ ያለ ሰው ይጠራል። የታተመው ለብቻ ነው፣ የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ዋጋ የለውም። የማይፈለገው በኪሎ ለባለ ሱቅ ይሄዳል፤ በርበሬ ይጠቀለልበታል። አንዴ የደረሰኝ ከረጢት ውስጥ በቀይ እስክሪብቶ የታረመ የቴአትር ጽሑፍ ነበረ። የመጀመሪያው ገጽ የለም። የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ደንበኞቼን እጠይቃለሁ።

ስለዚህ ቤት፣ ቤት አትበሉ። ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ከ1936 ጀምሮ አለ። የስድስት ኪሎው ቤተ መጻሕፍት አለ። ቤተሰብ ወረቀቱን እዚያ ቢሰጥ ሙዚየሙ በኋላም ይደርሳል። ወረቀት የሌለበት የደራሲ ቤት ባዶ ሳሎን ነው፤ ሶፋ ለማየት ማን ይከፍላል?

—

የሰባ ደረጃው (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡40)

መጽሐፍ በኪሎ፣ ያ ቀይ እስክሪብቶ ያለበት አሁንም እጅህ ላይ ነው? እንዳትሸጠው አደራ።

—

መጽሐፍ በኪሎ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡44)

አልሸጥም። ሚስቴ ግን አይጥ ያረባል እያለች ነው።

—

አራተኛ በር (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡30)

ሁላችሁም አንድ ሰው ረስታችኋል፤ እኔን።

የምኖረው በቀበሌ ቤት ነው። ድሮ አንድ ቪላ ነበር፣ አሁን ለአራት አባወራ ተከፍሏል። የታወቀ ደራሲ ኖሮበታል ይባላል። ስሙን አልናገርም፤ ነገ ካሜራ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። እኔ እዚህ ቤት ሦስት ልጅ አሳድጌያለሁ። ጣሪያው ሲያፈስ የሚያድስልኝ አጣሁ፤ አመልክቼ፣ ተመላልሼ፣ ሰለቸኝ። አሁን በደራሲ ስም ሊታደስ ነው? እሺ፣ ጥሩ። እኔስ? ኮንዶሚኒየም ጫፍ ላይ ተሰጥቷት ሄደች ልትሉኝ ነው?

ደራሲው ሰው ወዳጅ ነበር ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ተከራይ አስወጥታችሁ ኮቱን ብትሰቅሉለት ደስ የሚለው አይመስለኝም።

—

ሚሚ ከገዳም ሰፈር (ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡52)

እትዬ፣ እውነትዎን ነው። ዲከንስን ስጠቅስ በቤቱ ማን ይኖር ነበር ብዬ አልጠየቅኩም። ሰሌዳ ብቻስ ቢሆን? በሩ ላይ አንድ የእብነ በረድ ሰሌዳ፣ ስምና ዓመተ ምሕረት። እርስዎም ከቤትዎ አይነሡም።

—

አራተኛ በር (ረቡዕ፣ ጠዋት 5፡01)

ሰሌዳው ይሁን። ግን ከጣሪያው በኋላ።

—

የመነን ተማሪ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡10)

ከእኛ ደራሲዎች እስካሁን የተጠሩት ሁሉ ወንዶች ናቸው። ስድስት ሰው ተዘረዘረ፣ አንድ ሴት የለም።

ስንዱ ገብሩን ጨምሩ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ታግታ አዚናራ ደሴት ላይ ታስራለች። ስትመለስ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆነች፤ ቴአትር ትጽፍ ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባልም እሷ ናት። የእሷን መታሰቢያ ለማቆም ተከራይ ማስነሣት አያስፈልግም። ትምህርት ቤቱ ስድስት ኪሎ ቆሟል፤ ዛሬ የካቲት 12 ነው የሚባለው። ለእሷ ከሳሎኗ ይልቅ ያ ግቢ ቤቷ ነው። ድርሰቶቿን ተማሪዎች በመድረክ የተጫወቱላት ሴት ናት። አንድ ክፍል ስሟ ይጻፍበት፣ ፎቶዋ ይሰቀል። ወጪው የቀለም ነው።

ለጸጋዬም እንዲሁ አስባለሁ። ቅድስት ሥላሴ መቃብሩ አለ፤ የመራው ብሔራዊ ቴአትርም ቆሟል። የጸጋዬ ቤት መድረኩ ነው።

—

ዶሮ ማነቂያ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡33)

ይሄ ነገር እየጣመኝ መጣ፣ ተስፋ መቁረጤን አበላሻችሁብኝ።

እሺ፣ በዓሉ ግርማን የት ታደርጉታላችሁ? «ኦሮማይ»ን በ1975 አሳተመ፣ ከሥራ ተባረረ፣ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መቃብር የለውም። ቤቱን ሙዚየም ብታደርጉት ምን ታሳያላችሁ? የወጣበትን በር?

—

ካዛንቺስ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡05)

የበዓሉ ሙዚየም በሩን ቢያሳይ ምን አለበት? አስጎብኚው ስለ ጥይት ቀዳዳዋ የነገረንን አስታውስ። በር አለ፣ ወጣ፣ አልተመለሰም። ከዚህ በላይ ስለ ዘመኑ ምን ይነገራል? እኔ እንዲያውም ከሁሉም በፊት የእሱ ይቅደም ባይ ነኝ። ሐዲስ በክብር አርጅቶ ነው የሞተው፤ አንባቢው ሁሉ ያውቀዋል። ለበዓሉ ግን ሰው ቆሞ አበባ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለም። ሌላው ቀርቶ ቤተሰቡ እንኳ።

አንድ ነገር ግን፣ ይሄ የቤተሰቡ ፈቃድ ነው። እኛ ኪቦርድ ላይ ቁጭ ብለን የሰው ሐዘን አናከፋፍል።

—

ወመዘክር ጎረቤት (ረቡዕ፣ ማታ 1፡15)

«የፈረሰ ፈረሰ» ለምትሉ። ፍራንክፈርት ያለው የጎተ ቤት እ.ኤ.አ. በ1944 በቦምብ ዶግ አመድ ሆነ። ዕቃው አስቀድሞ ወጥቶ ስለነበር ተረፈ። ከጦርነቱ በኋላ ቤቱን እንደነበረ አድርገው ሠሩትና ዕቃውን መለሱበት። አንዳንዱ ሰው «የውሸት ቤት» ይለዋል፤ ሕዝቡ ግን ይጎበኘዋል።

ካይሮ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄዱ። የነጊብ ማህፉዝ ሙዚየም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ቤቱ አይደለም። አል አዝሃር አጠገብ ያለ አሮጌ ሕንጻ ነው፣ ከተወለደበት ሰፈር ብዙ አይርቅም። መጽሐፎቹን፣ ሜዳሊያዎቹን፣ የግል ዕቃዎቹን እዚያ አስገቡ። ማለትም ትክክለኛው ሳሎን ባይገኝ ሰፈሩ ይበቃል።

የእኛም ልምድ አለ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ለባቡር መንገድ ተነሥቶ ነበር፤ ብዙ ሰው «ተረሳ፣ አይመለስም» አለ። በ2008 ተመልሶ ቆመ። ከተፈለገ ይቻላል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይሄ ነው፤ የአንድ ሰው ቤት ከመፈለግ አንድ አሮጌ ቤት ለሁሉም ደራሲዎች። መሃል ከተማ፣ ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ። ከየቤተሰቡ አንድ አንድ ዕቃ።

—

የሰባ ደረጃው (ረቡዕ፣ ማታ 1፡48)

ወመዘክር ጎረቤት፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው ግን እኔን አላረካኝም። «ለሁሉም» የተባለ ነገር የማንም አይሆንም። ሃያ መነጽር በአንድ መስታወት ሣጥን ብትደረድር መነጽር ቤት ነው የሚመስለው። የአንድ ሰው ቤት ስትገባ ግን ያ ሰው ይገጥምሃል። እልኸኛ በሉኝ፣ አሁንም አንድ ቤት ነው የምለው።

ደግሞ አንድ ክፍል የድምፅ ይሁን። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ያልሰማ ትልቅ ሰው ጥቂት ነው። ከአንባቢው እኩል አድማጭ አለው መጽሐፉ። አግዳሚ ወንበር፣ አሮጌ ሬዲዮ፣ የወጋየሁ ድምፅ። አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ጉዱ ካሣን ግን እንደ ጎረቤቷ ታማው ነበር።

—

ዶሴ (ረቡዕ፣ ማታ 2፡30)

ቤቱን የሚጠብቀው ማን ነው? ዘበኛ፣ የጽዳት ሠራተኛ፣ መብራት፣ የክረምት ጣሪያ። ሪባን የሚቆርጥ ሞልቷል። በሦስተኛው ዓመት ቆርቆሮ የሚገዛ ነው የሚጠፋው። ሙዚየም የሚሞተው በመክፈቻው ቀን አይደለም። ሰባ ደረጃዬ፣ ሬዲዮህ ደስ ትላለች፤ የመብራት ቆጣሪው በማን ስም እንደሚሆን ግን ቀድመህ ጻፍ።

—

አስጎብኚው (ረቡዕ፣ ማታ 2፡41)

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ካፌ ይኑረው። አልቀልድም፣ ቡና የሚሸጥ ሙዚየም ዘበኛውን መክፈል ይችላል። ፒያሳ ላይ ቡና የማይሸጥበት ቤት ነው የሚገርመው።

—

የመነን ተማሪ (ረቡዕ፣ ማታ 3፡00)

እስከዚያው እኛ የምንችለውን እንሥራ። ጋሼ ዶሴ ከጎረቤት ጀምሩ ብለዋል። እያንዳንዳችን በሰፈራችን ያለ አንድ ሽማግሌ እንጠይቅ፤ «እዚህ የኖረ ደራሲ ታውቃለህ? የቱ በር?» ብለን። ድምፁን እንቅዳ፣ የበሩን ፎቶ እናንሣ። እዚህ ክር ላይ ግን የነዋሪ ስምና የቤት ቁጥር አይለጠፍ፤ የአራተኛ በሯን እትዬ አስቡ።

—

አራተኛ በር (ረቡዕ፣ ማታ 3፡09)

ተባረኪ። የኛ ግቢ ሽማግሌ ጆሮአቸው ደክሟል፤ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ላኩ። ቡና አፈላለሁ።

—

ዶሮ ማነቂያ (ረቡዕ፣ ማታ 3፡12)

ጮክ ማለት የኔ ሙያ ነው። እኔ እመጣለሁ።

—

የሰባ ደረጃው (ረቡዕ፣ ማታ 3፡35)

በቃ፣ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ስድስት ኪሎ፣ የዩኒቨርሲቲው ዋና በር። መጀመሪያ አስጎብኚው የጃንሆይን መኝታ ክፍል ያሳየናል፣ ከዚያ በየሰፈራችን እንከፋፈላለን። መታወቂያ ያዙ፤ በር ላይ ይጠይቃሉ። መጽሐፍ በኪሎ፣ ያንን የቴአትር ጽሑፍ ይዘህ ና፤ የመነን ተማሪ የእጅ ጽሑፍ ትለያለች።

—

መጽሐፍ በኪሎ (ረቡዕ፣ ማታ 3፡41)

ቅዳሜ ገበያዬ ነው። እስከ 6 ሰዓት ብቻ።